ከስኳር ጣሳው የወጣች ወረቀት

«እህም። ዘጠኝ ስህተት። በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ዘጠኝ።»

የማተሚያ ቤት አራሚው ግማሽ ጉንጩን ተላጭቶ፣ ግማሹ ላይ የሳሙና አረፋ እንደተቀባ፣ ምላጩን አየር ላይ ይዞ ቀረ። ድምፁ የመጣው መኝታውንና ማዕድ ቤቱን ከሚለየው መጋረጃ ወዲያ ነው። ድምፁስ የስድስት ዓመት ልጁ ነው፤ ጉሮሮ አጠራረጉ ግን፣ ከዚያች «እህም» በኋላ ትንፋሽ ሰብስቦ ቆም ማለቱ ግን፣ የራሱ የአራሚው ነው። መጋረጃውን በጣቱ ጫፍ ገለጥ አድርጎ አየ። ልጅቱ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ሦስት ስኒዎች በተርታ ደርድራ፣ በቀኝ እጇ ሹካ በግራ እጇ የእንጨት ማንኪያ ይዛለች። «ማን ነው የጻፈው? እስቲ እነዚህ ሰዎች ሁሉ ይስሙት» አለ ሹካው፤ ስኒዎቹም በልጅቱ አፍ ተንከትክተው ሳቁ። ከዚያ ሹካው ማንኪያዋን እየገፋ ወስዶ ግድግዳው ላይ አቆማት፤ እንዳትወድቅም ልጅቱ በአንድ ጣቷ ደግፋ ያዘቻት። ስኒዎቹ ስቀው ስቀው ሲወጣላቸው ልጅቱ ሹካውን ወዲያ ጣለችው፣ ማንኪያዋን ወደ ከንፈሯ አስጠጋችና በራሷ ድምፅ፣ በሹክሹክታ፣ «በቃ፣ ሁለተኛ አትጻፊ። ዝም ካልሽ ማንም አይስቅብሽም» አለቻት።

አራሚው መጋረጃውን ቀስ ብሎ ለቀቀው። ምን እየተጫወትሽ ነው ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። አልጠየቀም፤ መልሱን የሚፈራ ሰው ጥያቄ አያበዛም። ወደ መስታወቱ ተመልሶ የቀረውን ጉንጩን ሲላጭ አገጩን ቆረጠው፤ ደሙን በፎጣ ጫፍ ይዞ «ዘጠኝ» የምትለዋን ቃል በሆዱ ሲያገላብጥ ቆየ። ዘጠኟን ያውቃታል። ግን ቤት ውስጥ ተናግሯት አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአራሚው ባለቤት ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ቁልፍ ትተክላለች። ሥራዋ ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት ስለሚጀምር ከቤት የምትወጣው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ከልጇ ጋር ዓይን ለዓይን የሚተያዩት ከቀትር በኋላ ከትምህርት ቤት ከተቀበለቻት ወዲህ ብቻ ነው። የጠዋቱ ነገር አንጀቷን ሲበላት ቆይቶ አንድ ቀን የልብስ ልክ ከሚወጣበት ቡናማ ወረቀት ቁርጥራጩን ሰብስባ መጣች። በማግስቱ ልጅቱ ጫማዋን ላጥልቅ ስትል ከግራው ጫማ ውስጥ አንዲት ብጣሽ ወጣች፦ «እኔ የግራ ጫማ ነኝ። ወንድሜ ጠፍቶብኛል። አልጋ ሥር እንደ ድመት ገብተሽ ፈልጊልኝ።» አልጋ ሥር የቀኙ ጫማ ተገኘ፤ በውስጡም ሌላ ብጣሽ፦ «አገኘሽኝ። አሁን ደግሞ መስታወቱ ያማሻል፤ ሄደሽ ስሚው።» መስታወቱም፦ «ይህች ልጅ ፊቷን ታጥባለች ይሉኛል፤ እኔ ግን አላየሁም።» እንዲህ እያለች ከጥግ ጥግ ስትሮጥ ፊቷ ይታጠባል፣ ፀጉሯ ይበጠራል፣ ሻይዋ ይጠጣል፤ በመጨረሻ አንዲት ትርፍ ቁልፍ፣ አንድ ቀን ቀይ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ የሆነ ቦታ ተደብቃ ትጠብቃታለች። መጀመሪያ አባትየው ነበር የሚያነብላት። በሁለተኛው ወር «አንተ ዝም በል፣ እኔ ነኝ» ትለው ጀመር። በሦስተኛው ደግሞ መልስ ትጽፍ ጀመር፤ እናትየው ፋብሪካ ደርሳ ሽርጧን ስትለብስ ከኪሷ «እማዬ መስታወቱ ውሸታም ነው» የሚል ታገኛለች። አራሚው ከዚያ በፊት የፊደል ገበታ ገዝቶ፣ ማስመሪያ ይዞ፣ በየምሽቱ ሊያስተምራት ሞክሮ ነበር። ልጅቱ ያኔ የተማረችው ማዛጋት ብቻ ነው።

ታዲያ ብጣሾቹ ከቀሩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ለምን ተውሽው ብሎ ሚስቱን የጠየቃት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ጋዜጣ እያነበበ። እሷም የታጠበ ልብስ እያጠፈች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ጠግባዋለች። ራሷ ናት 'በቃ እማዬ፣ የሕፃን ጨዋታ ነው' ያለችኝ» አለች። ልጅ ያድጋል፣ ጨዋታም ያልፋል ብሎ ገጹን ገለጠ።

የዛሬው ጠዋት ከሌላው ቀን የሚለየው ከትምህርት ቤት የመጣ ጥሪ ስላለ ነው። «ወላጅ ይቅረብ» ይላል፣ በልጅቱ ደብተር ጀርባ። እናትየው ከፋብሪካ ከቀረች የግማሽ ቀን ደመወዟን ስለሚቆርጡባት እሱ ይሂድ ተባለ፤ እሱ የሚሠራበት ማተሚያ ቤት ደግሞ ለእርማት የሚሆን ጽሑፍ ከአራት ሰዓት በፊት አይደርስም። ልጅቱን እጇን ይዞ ወጣ። ጉንዳን ነው የሚሏት፤ ከሄደችበት ሁሉ የሆነ ነገር ጎትታ ስለምትመጣ፣ ይልቁንም ስኳር ካለበት ስለማትጠፋ። የፊት ጥርሶቿ ከወለቁ ወዲህ ደግሞ ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ለምዳለች። መንገዱ ከወር በፊት የእሷ ነበር፤ ከጫማ ሰፊው እስከ ፀጉር አስተካካዩ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ እያነበበች፣ «አባዬ፣ 'ጎማ ይነፋል' ይላል፤ የማንን ጎማ?» እያለች ጆሮውን ታደነቁረው ነበር። እሱም «ለሚጠይቅ ሁሉ» ብሎ ይመልስና «ደግሞ ያቺ ቃል እንዲህ አትጻፍም» ይላታል። ዛሬ ዓይኗ ከመሬት አልተነሳም። ደብተር ሻጩ ጋ ሲደርሱ ቆም አለ። ባለፈው ወር አምስት የነበረው ደብተር ስምንት ገብቷል፤ ዋጋው በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል።

«እስቲ ይሄ ምን ይላል?» አላት።

«አላውቅም።»

«ታውቂዋለሽ እንጂ።»

«ረስቼዋለሁ» አለችና እጇን ከእጁ አውጥታ በኪሷ ከተተች። ዋሽታለች፤ መዋሸቷን እሱም ያውቃል። ማወቁንም እሷ ታውቃለች። ሁለቱም የማያውቁ መስለው የቀረውን መንገድ ሄዱ።

መምህሯ ወጣት ናት፤ ጣቶቿ የጠመኔ ብናኝ ለብሰዋል። ልጆቹን ወደ ሜዳ ሰደደችና ወንበር ሰጠችው፤ ወንበሩ የሕፃናት ነውና ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። በግድግዳው ሙሉ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ግራና ቀኝ፣ የልጆቹ ጽሑፎች የእሾህ ጫፍ በምታህል መርፌ ተሰክተዋል፦ አንዱ ስለ ውሻ፣ አንዱ ስለ አያቱ መነጽር። መካከል ላይ አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ አንዱ ጥግ ላይ የቀረች የወረቀት ቅዳጅ እስካሁን በመርፌ ተይዛለች።

«ያ የልጅዎ ነበር» አለች መምህሯ። «እውነቱን ልንገርዎ፣ ከክፍሉ አንደኛ የጻፈችው እሷ ነበረች። ሌላው ልጅ ከተለጠፈለት እናቱን ጎትቶ ካላሳየ አያርፍም። እሷ ግን ስለጥፍላት ከወንበሯ ተነስታ መጣችና ቀደደችው። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለዎት? 'እኔ ምን አጠፋሁ?' አለችኝ። እያለቀሰች። ከዚያች ቀን ወዲህ እርሳስ አልያዘችም።»

አራሚው ያቺን የወረቀት ቅዳጅ ያያል። የዛሬ ሦስት ሳምንት ትምህርት ቤት ዝግ ነበርና ልጅቱን ማተሚያ ቤት ይዟት ውሎ ነበር። እሱ ካርድ ሲያርም ወዲያ ወዲህ ስትል ነበር፤ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ሲያያት ከማሽኖቹ ጀርባ ካለው ግድግዳ ፊት ቆማለች። ስዕል የምታይ መስሎት ነበር። ልጁ ማንበብ እንደምትችል፣ ከሰው ሁሉ እሱ ረስቶት ነበር።

«ቤት ውስጥ ስትጽፍ የሚስቅባት ሰው አለ?» አለች መምህሯ።

«የለም» አለ። በእሷ የሳቀ የለምና እውነት ነው።

መምህሯ ደብተሩን ዘጋች። «መጀመሪያ ስትመጣ እኔ ሳላስተምራት ታነብ ነበር። ማን ነው ያስተማራት፣ እርስዎ?»

«እናቷ ናት።»

«መምህርት ናቸው?»

«አይደለችም። ቁልፍ ትተክላለች። አምስተኛ ክፍል ነው ያቆመችው።»

«እንግዲያውስ እባክዎ ይንገሩልኝ» አለች መምህሯ፣ ፊቷ በራ። «በወሩ መጨረሻ የወላጆች ስብሰባ አለን። ቤት ውስጥ እንዴት እንዳጫወቷት መጥተው ያሳዩን። ግማሹ ወላጅ ልጁን በአለንጋ ነው ፊደል የሚያስቆጥረው።»

«እነግራታለሁ» ብሎ ተነሳ። ሲወጣ ጉንዳን ከሜዳው ጥግ ላይ ሆና አየችው። እጁን አነሳላት። እሷ አላነሳችም፤ ከመምህሯ ጋር ምን እንዳወሩ ከፊቱ ላይ ለማንበብ የፈለገች ይመስል ትክ ብላ አየችው፣ እሱም ፊቱን አዞረ።

ማተሚያ ቤቱ ከጋራዥ ጀርባ ያለ ረጅም ክፍል ነው። የሠርግ ጥሪ፣ የሐዘን ምስጋና፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ በዚህ ወቅት ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ያትማል። የወረቀት ዋጋ ባልታሰበ ፍጥነት ከወጣ ወዲህ ባለቤቱ ስህተት ተገኝቶበት የሚጣል ነገር ካየ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም፤ ስለዚህ አራሚው የተከበረ ሰው ነው። «ጋሽ እርማት» ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዓይኑ ያመለጠ ስህተት በጣት ይቆጠራል። የመሳቂያውን ግድግዳ የጀመረውም እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ የሰቀለው «በታላቅ ደስታ እንገልጻለን» ተብሎ የታተመ የሐዘን መግለጫ ነበር፤ ከዚያ የሙሽራው ስም ቀርቶ የአማቱ የገባበት የሠርግ ጥሪ፤ ከዚያ ሠላሳ አምስት ቀን ያለው ወር። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሠራተኛው እዚያ ይሰበሰብና ያነባል፣ ይስቃል፣ ቀኑ ያልፋል። ከሥራቸው ከመጣው ውጪ ምንም አይሰቀልም ነበር፣ እስከዛሬ ሦስት ሳምንት ድረስ።

ልጅቱን ይዟት በወጣበት በዚያ ቀን ጠዋት፣ ብጣሾቿን የምታከማችበት የክር ሳጥን ክፍት ነበር። አንዷን አነሳ። አንብቦ ፈገግ አለ፤ መጀመሪያ ላይ እውነተኛ ፈገግታ ነበር። እጁ ግን ልማዱ ነውና ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ፤ እዚህ ፊደል ተሳስቷል፣ እዚያ ነጥብ የለም፣ ይህች ቃል ከዚያችኛዋ ተጣብቃለች፤ በየኅዳጉ ምልክቱን አደረገ። ዘጠኝ ሆነ። ከዚህ ሁሉ ብጣሽ አንዷ ብትጎድል ማን ያውቃል ብሎ ኪሱ ከተታት፤ ማተሚያ ቤት ሲደርስም፣ ልጅቱ ከወረቀት ክምሩ ጀርባ ስትጫወት ሳለ፣ «ስሙማ፣ አንዲት ሴት የጻፈችው ነው» ብሎ በዚያ በእርማት ድምፁ፣ ከእያንዳንዱ ስህተት በፊት «እህም» እያለ አነበበላቸው። ወንዶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው ደስ አለው። ሰቀላት።

ዛሬ ኮቱን ሳያወልቅ በቀጥታ ግድግዳው ጋ ሄደ። ብጣሿ ከሠላሳ አምስት ቀኑ ወር በታች ተሰክታለች፤ ከሥሯ አንዱ በእርሳስ የዋንጫ ስዕል ሠርቶባታል። «እኔ ስኳር ነኝ» ትላለች። «ሌሊት አንዲት ጉንዳን መጥታ ላሰችኝ። ስሟን አልናገርም፤ ግን የፊት ጥርስ የላትም። ለሻይ ሁለት ማንኪያ ብቻ ውሰጂ። ቆጥሬያለሁ።» ቀዩ ቀለም ከቡናማው ወረቀት ላይ እንደ ሽፍታ ወጥቷል። መርፌውን በጥፍሩ ይዞ መንቀል ጀመረ።

«ጋሼ፣ ሻምፒዮናችንን የት ልትወስዳት ነው?» አለ ከማሽኑ ወዲያ ያለው አታሚ። ቀለሜ ነው የሚሉት፤ ክንዱ እስከ ክርኑ ከጥቁር ቀለም ጸድቶ አያውቅም። «ዋንጫ እኮ ሰጥተናታል። እሷን የሚያሸንፍ ገና አልታተመም።»

«ልመልሳት ነው።»

«ለማን?»

አራሚው ብጣሿን በመዳፉ ሸፈናት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ቦታው ጠበበን ማለት ይችላል፣ ወይም ዝም ማለት። «ቤቴ ነው የተጻፈችው» አለ። «ሚስቴ ናት። ለልጄ ነው የጻፈችላት።»

ማሽኑ ይንቀጠቀጣል። ቀለሜ በጨርቅ እጁን ጠረገ፤ እጁ አልጸዳም፣ ጨርቁ ግን ጠቆረ። ሰው ሁሉ የሚያውቃት የቀለሜ ቀልድ አለች፦ «ጋሽ እርማት ሚስቱ የፍቅር ደብዳቤ ብትልክለት 'እንደገና ይጻፍ' ብሎ ይመልስላታል።» አራሚው ራሱ ሲስቅባት ኖሯል። በአስራ አንድ ዓመት ትዳራቸው ሚስቱ አንዲት መስመር ጽፋለት እንደማታውቅ ልብ ያለው ገና አሁን፣ እዚህ ግድግዳ ሥር ነው።

«እኛ ምን እናውቃለን፣ ጋሼ» አለ ቀለሜ በመጨረሻ፣ በዝቅታ። «ያነበብክልን አንተ ነህ።» ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ልጅቷ እዚህ ቆማ ነበር ያን ቀን። 'ይሄ ምንድን ነው?' ብላ ጠየቀችኝ። እኔማ ምን ቸገረኝ፣ ሳልይዝ ሳልጨብጥ፣ 'የሞኞች መስቀያ ነው' አልኳት። ሳቀች መሰለኝ። አፏን በእጇ ይዛ ነበር።»

አራሚው ብጣሿን ነቅሎ ኪሱ ከተታት። ጠረጴዛው ላይ የቀን መቁጠሪያው ተከምሮ ይጠብቀዋል። ተቀምጦ ሞከረ፤ ወሩን ያያል፣ ቀኑን ያያል፣ እጁ ቀዩን እስክሪብቶ ይዞ ከወረቀቱ በላይ ይንሳፈፋል። ስምንት ሰዓት ሲሆን ተነሳና ለባለቤቱ የቤት ጉዳይ አለብኝ አለው። ባለቤቱ የወረቀቱን ክምር፣ ከዚያ ሰዓቱን አየ። «ዛሬ ካልወጣ ነገ ማሽኑ ባዶ ይውላል፤ አንተ እኮ እንዲህ አታደርግም ነበር» አለ። አራሚው «አዎ፣ አላደርግም ነበር» ብሎ ወጣ።

በአስራ አንዱ ዓመት ውስጥ ወደ ፋብሪካው በር መጥቶ አያውቅም። ዘበኛው ማንን ነው ብሎ ሲጠይቀው የሚስቱን ክፍል ቁጥር እንኳ አላወቀም፤ «ቁልፍ የምትተክል» ሲለው ዘበኛው ሳቀ፣ «ሁለት መቶ ናቸው፣ የቷ?» አለው። በዘጠኝ ሰዓት ደወሉ ተደወለ። ሴቶቹ እየተሳሳቁ፣ ሻርፕ እየጠመጠሙ፣ ቦርሳቸውን ለፍተሻ እየከፈቱ ወጡ። ከመካከላቸው አንዷ ከጓደኞቿ ተለይታ ቀጥ አለች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ልጄ ምን ሆነች?»

«ደኅና ናት። ምንም አልሆነችም።»

«ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ልቀበልሽ ነው የመጣሁት። አብረን ሄደን እናምጣት።»

አየችው። ካወቀችው ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ ስለማያውቅ፣ ሰው ሞቶ እያረዳት እንደሆነ ሁሉ ከንፈሯን ነከሰች። መንገድ ጀመሩ። የፋብሪካው አጥር ረጅም ነው። አጥሩ ሲያልቅ የመምህሯን መልእክት አስቀደመ፤ ደግ ደጉን አስቀድሞ ክፉውን ማስከተል ይቀላል ብሎ ነበር። «መጥተው ያሳዩን» ብላለች፣ ወላጆች ፊት፣ ብሎ ነገራት። እሷም አላምን ብላ ሳቅ አለች። ከዚያ ክፉውን ነገራት። ሳጥኑን፣ ቀዩን፣ ግድግዳውን፣ ወንዶቹን፣ ልጅቱ ቆማ ማንበቧን፣ የትምህርት ቤቱን ወረቀት መቅደዷን፣ የዛሬ ጠዋቱን ሹካና ማንኪያ። ያለ ማስተባበያ ለመናገር ሞክሮ ነበር፤ ሁለቴ «ለጨዋታ ብዬ ነው» የሚል አምልጦታል።

አንድ ጋሪ ገፊ መንገድ ልቀቁ ብሎ ጮኸባቸው፤ ለቀቁለት። በስተመጨረሻ «የትኛዋ ናት?» አለች።

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። እየሄደች አነበበች፤ በጣቷ ቀዩን ምልክት አንድ ሁለት እያለች ቆጠረች። ጣቷ ላይ መርፌ የወጋው ጠባሳ ሞልቷል።

«ስምንተኛው ምንድን ነው?» አለች።

«እዚህ ጋ ሁለቱ ቃላት መለያየት ነበረባቸው» አለ፤ «አየሽ፣ ሲጣበቁ...» ብሎ ቀጠለ፤ ቀጥሎም የራሱን ድምፅ ሰማ። አፉን ዘጋ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ከቁጣው ይልቅ ይሄ ከበደው።

«ይቺን ስጽፍ ሳቄ አምልጦኝ ነበር» አለች። «ማዕድ ቤት ቆሜ፣ ገና ሳይነጋ። እናንተ እንዳትነቁብኝ አፌን በእጄ ይዤ።» ወረቀቷን አጠፈቻት፣ መልሳ ዘረጋቻት። «በቃኝ ያለችኝ ለዚህ ነው?»

«አዎ። እንዳትጽፊ ብላ ነው። እንዳይሰቅሉሽ።»

«እኔ ደግሞ አደገችብኝ ብዬ» አለች። «እናቷ መሃይም መሆኗ ገባት፣ አፈረችብኝ ብዬ። ሦስት ሳምንት ሙሉ። በየጠዋቱ ወረቀቱን አወጣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ።» አራሚው ይቅርታ የሚለውን ቃል በአፉ ይዞ ቆየ፤ ሲያስበው ግን ቃሉ እንደ ሐዘን መግለጫ የታተመ፣ ስንቱ ደጅ የተበተነ ሆኖ ተሰማው፣ ዋጠው።

ትምህርት ቤቱ ደጅ ሲደርሱ ልጆቹ እየወጡ ነበር። እናቶች፣ ሞግዚቶች፣ አንድ ሁለት አባቶች በሩን ከበዋል። ጉንዳን ቦርሳዋን እየጎተተች ወጣች፤ እናቷን አይታ ልትሮጥ ስትል አባቷን አየችው፣ ሩጫዋን ገታች። ሁለቱ አብረው መጥተው አያውቁም። ቀጥሎ እናቷ እጅ ላይ ያለችውን ቡናማ ወረቀት አየች። አራሚው የልጁ ፊት ሲለወጥ አየ፤ ሕፃን ፊት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ አይቶ አያውቅም፤ ፍርሃት ብቻ ቢሆን ይሻለው ነበር፣ ግን የሆነ ዕቅድ፣ የሆነ ፍጥነት ነበረበት። ልጅቱ ሮጣ መጣችና ወረቀቷን ከእናቷ እጅ ነጠቀቻት፣ ከጀርባዋ ደበቀቻት።

«የኔ ናት» አለች።

«ጉንዳኔ...»

«እኔ ነኝ የጻፍኳት፣ እማዬ። ያንቺ አይደለችም። አንቺ እንዲህ አትሳሳቺም።»

እናትየው እዚያው አቧራው ላይ ተንበረከከች፤ ፊቷ ከልጇ ፊት ትክክል ሆነ። አጠገባቸው የቆሙት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመው ያያሉ። «እሺ» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ነሽ የጻፍሻት። ላዩዋ ላይ ያለውስ? ቀይ ቀዩስ?»

ልጅቱ ይህን አላሰበችበትም። ዓይኗ ከእናቷ ወደ አባቷ ሄደ፤ አገጩ ላይ ያለውን የጠዋቱን ቁስል፣ የኮቱን ኪስ፣ ጫማውን ዞሮ አየና ተመለሰ። ምራቋን ዋጠች።

«እሱንም እኔ ነኝ» አለች።

አራሚው ሰው ፊት ነው፣ ጉሮሮውን ሊጠርግ ፈለገ፤ «እህም» ከመውጣቷ በፊት አፈነው፣ ጉሮሮው ሳይጠረግ የወጣው ድምፅም የሱ አይመስልም ነበር። «አንቺ አይደለሽም» አለ። «የጻፈችው እናትሽ ናት። ደስ የምትል ወረቀት ናት። ቀዩ የኔ ነው። የሰቀልኳትም እኔ ነኝ።»

ልጅቱ አላመነችውም። ወረቀቷን ከጀርባዋ እንደያዘች እናቷን አየች፤ እውነት መሆኑን ከእሷ አፍ ልትሰማ ጠበቀች። እናትየውም «እውነት ነው፣ ጉንዳኔ፤ እኔ ነኝ የጻፍኳት፣ እየሳቅሁ» አለችና ወረቀቷን ለመቀበል እጇን ዘረጋች።